በወደቡ ሰፈር ጉም የመሰለን ነገር

በዚያ ጠዋት አሸዋው ላይ የነበርነው ስድስት ነን። ስም አልጠራም፤ ሆኖም ማን ማን እንደነበረ አስቀድሜ አንድ በአንድ ልናገር፣ መጨረሻ ላይ የምጠይቃቸው ነገር አለና።

ጋሼ ነበሩ። ጋሼ የአንኮበር ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ ፋብሪካችን ውስጥ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣሉ። የለሚው ልጅ ነበረ፤ ከለሚ ከተማ የመጣ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ አፉ አያርፍም። ከወለጋ ተፈናቅላ ከእናቷ ጋር ደብረ ብርሃን መጠለያ የምትኖረው ልጅ ነበረች፤ በሽመና ክፍሉ የተበጠሰ ክር ከእሷ ቀድሞ የሚቀጥል የለም። የተከራየንበት ቤት ባለቤት ነበረች፤ ዓሣ ነጋዴ ናት። ሰፈሩ ሁሉ "አማ" ይላታል፣ እናት እንደማለት ነው፤ እኛም እንደዚያው ጠራናት። የአማ ወንድም ነበረ፤ ባጃጅ ይነዳል። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ የማሽን ጥገና ሠራተኛ።

ከስድስታችን አንዱ፣ ጋሼ፣ በዚያ ጠዋት ዓይናቸውን ሊያጡ ነበር። ገደል አፋፍ ላይ ለሚኖር ሰው ዓይን ምን ማለት እንደሆነ የአንኮበርን መንገድ የሄደበት ያውቃል።

ፋብሪካችን የእህል ከረጢት ይሸምናል፤ ገበሬው "ማዳበሪያ" የሚለውን ነጭ የፕላስቲክ ከረጢት። አዲሶቹ ማሽኖች የተገዙት ከደቡብ ህንድ ነው። ሻጩ ድርጅት አራት ሰው ወስዶ አገጣጠሙንና ጥገናውን ሊያስተምር ተስማማ፤ አራቱ እኛ ሆንን። ሥልጠናው ያለው ትልቅ ከተማ ውስጥ መስሎን ነበር። የተወሰድነው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ባሕር ጠረፍ ላይ ወዳለ የወደብ ሰፈር ነው።

ወደብ በሐሳቤ ሰማያዊ ነገር ነበረ። ያገኘሁት ግራጫ ነው። ሰፈሩ ቀጭን መሬት ነው፤ በአንድ ወገን ባሕሩ፣ በሌላ ወገን ጭቃማ የወንዝ አፍ። በዚያች ቀጭን መሬት ላይ የሌለ የለም፤ በከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ የነዳጅ ጋኖች፣ የከሰል ክምር፣ የማዳበሪያ ፋብሪካ። ይሄኛው እውነተኛውን ማዳበሪያ የሚሠራው ነው። ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች መጨረሻው በማይታይ ሰልፍ ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ ከመኪናው ሥር ምድጃ አንድደው ሩዝ ይቀቅላሉ። ከሰል የሚያመላልሰው የላስቲክ ቀበቶ በብረት ምሰሶ ላይ ሆኖ ከቤቶች ጣሪያ በላይ ያልፋል። በዚህ ሁሉ መሃል ሰው ይኖራል። ሮዝና አረንጓዴ የተቀባ ቤተ መቅደስ አለ፤ ትንሽ መስጊድ አለ፤ ሻይ ቤት አለ፤ ከሻይ ቤቱ አጠገብ ሽማግሌዎች መረብ ይጠግናሉ። እኔ ሰው የሌለበት የፋብሪካ ክልል ጠብቄ ስለነበር፣ የፋብሪካ ግንብ ተደግፋ ልጇን የምታጥብ ሴት ሳይ ቆሜ ቀረሁ።

በመጀመሪያው ቀን ነጭ ሸሚዜን አጥቤ ጣሪያው ላይ አሰጣሁ። ስመለስ ሸሚዙ ደርቋል፤ ግን ላዩ ላይ የሆነ ነገር አለ። በጣቴ ስነካው ከጤፍ ዱቄት የላመ አመድ ነው። በእርጥብ እጄ ላራግፈው ስሞክር ጥቁር መስመር ሠራ። አማ ከታች አየችኝና እየሳቀች ወጣች፤ ሸሚዙን ከእጄ ወስዳ ሁለት ጊዜ በኃይል አራገፈችውና አጥፋ ሰጠችኝ። አመድ ሲደርቅ ይራገፋል፣ ሲረጥብ ይጣበቃል ማለቷ ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር አድርጋ ማየቷ ነው የደነቀኝ። ዝናብ እንደሚዘንብ አመድ ይዘንባል፣ አለቀ።

ከማመንጫው የሚወጣው ውኃ ወደ ወንዙ አፍ ይገባል፤ ይሞቃል። ሴቶችና ወንዶች እዚያ ውስጥ እስከ ወገባቸው ገብተው፣ ቅርጫት በጥርሳቸው ነክሰው፣ ከሥር ያለውን ጭቃ በእጃቸው ይዳብሳሉ። ከጭቃው የሚያወጡት ፌንጣ የሚያክል ባለ ብዙ እግር የውኃ ፍጥረት ነው፤ እያወጡ ቅርጫቱ ውስጥ ይጥሉታል። የወለጋዋ ልጅ ለረጅም ጊዜ ቆማ አየቻቸው።

"ውኃው አያቃጥላቸውም?" አለችኝ።

"ለምደውታል መሰለኝ።"

"ይለመዳል ብለህ ነው?" አለች።

ጋሼ ባሕሩን ያዩበት ቀን ትዝ ይለኛል። ጠረፉ ላይ ባሕሩ መሬቱን እየበላው ስለሆነ ትልልቅ ጥቁር ድንጋይ ተደርድሯል፤ ከድንጋዩ ወዲህ ግማሹ የፈረሰ፣ ግማሹ ሰው የሚኖርበት ቤት አለ። ጋሼ ድንጋዩ ላይ ወጡ።

"ከእኛ ቤት በር ላይ ቆመህ ቆላውን ስታየው ልክ እንዲህ ነው፤ መጨረሻ የለውም" አሉኝ። "የእኛው ግን ይተኛል። ይሄ እረፍት የለውም።"

ጋሼ ጋቢያቸውን ይዘው ነበር የመጡት። ሙቀቱ እኛን በካናቴራ አስቀርቶን እሳቸው ጠዋት ጠዋት ጋቢ ይደርባሉ።

"ጋሼ፣ እዚህ አገር በጋቢ ከዞሩ በሽተኛ ነው ብለው ይወስዱዎታል" ይላል የለሚው ልጅ።

"አንተን ያልወሰዱ እኔን አይወስዱም።"

"እኔ ምን ሆኜ?"

"ትናንት ከባጃጁ ጋር ስታወራ ሰምቼሃለሁ።"

እውነት ነው፣ ያወራ ነበር። የአማ ወንድም ባጃጅ ልክ ደብረ ብርሃን እንደሚዞሩት ናት፤ የለሚው ልጅ መጀመሪያ ያያት ቀን ኮፈኗን መታ መታ አድርጎ "እህቶችሽ ደህና ናቸው" ብሏታል።

አሁን የምናገረው ልማድ ነው፤ ያለ እሱ የቀረው ነገር አይገባም። በአንኮበር ጉም ከቆላው ተነስቶ ገደሉን እየወጣ ድንገት አፋፉ ላይ ይደርሳል። ሲደርስ የራስህን እግር አታይም። ስለዚህ ልጅ አፉን ሲፈታ ጀምሮ የሚማረው ሕግ አለ፤ ጉም ያገኘህ ቦታ ቁጭ በል። አትሂድ፣ አትሩጥ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ አትበል። ጋቢህን ተከናንበህ ተቀመጥና "አለሁ" እያልክ ተጣራ። የሰማ ሁሉ "አለን" ብሎ ይመልሳል። በድምፁ የት እንዳለህ ያውቃል፣ አንተም ቤቱ በየት እንደሆነ ታውቃለህ። ጉሙ እስኪገለጥ እንደዚያ ነው። ጋሼ ይህን ሲነግሩን፣ "በጉም የሞተ የለም፤ የሞተው ሁሉ ሲሄድ ነው" አሉን።

የአማ ቤት ደረጃ ጨለማ ነው። ጋሼ ከሥራ ሲመለሱ ከበሩ ላይ ሆነው "አለሁ" ይላሉ፤ እኛ ከላይ "አለን" እንላለን። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፣ ከዚያ ልማድ ሆነ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አማም ከማድቤቷ "አለን" ማለት ጀመረች፤ "ለ"ውን ጠበቅ፣ ወፈር አድርጋ። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀችም። የገባት ይመስለኛል።

አንድ ሌላ ነገር። አማ በሯ አጠገብ ሁልጊዜ በክዳን የተሸፈነ ባልዲ አላት። ውስጡ ንጹሕ ውኃና የታጠፉ ጨርቆች አሉ። ጠዋት ጠዋት ውኃውን ትለውጣለች። እኛ ለእግር መታጠቢያ መስሎናል። የለሚው ልጅ አንድ ቀን አንዱን ጨርቅ አንስቶ ጫማውን ወለወለበት። አማ ያን ቀን እንደጮኸችበት ጮኻ አታውቅም። ቋንቋዋን ባናውቅም ስድብ መሆኑን አወቅን።

"ለአንድ ጨርቅ?" አለ፣ ደረጃውን እየወጣ። "ነገ ሦስት እገዛላታለሁ።"

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለ የዕረፍት ቀን ጠዋት፣ ጀልባዎቹ ሲገቡ እንድናይ አማ ይዛን ወረደች። ወንድሟ ዓሣዋን ሊጭንላት ባጃጁን መንገዱ ዳር አቆመ። ፀሐይ ገና ከውኃው መውጣቷ ነው። ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ ተጎትተው ዓሣው እየተዘረገፈ፣ ሴቶቹ ዙሪያውን ከበው ይጫረታሉ፤ አማ ከሁሉም በላይ ትጮኻለች። ጋሼ ጸሎታቸውን ምሥራቅ ዞረው ማድረስ ይወዳሉ። ምሥራቁ እዚያ ባሕሩ ነው። ከጫጫታው ራቅ ብለው፣ ከጥቁሮቹ ድንጋዮች ወዲያ፣ በሰሜን በኩል ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል። ድምፅ የሚያሰማ ርቀት ነው።

መጀመሪያ ያዩት እሳቸው ናቸው።

"አያችሁት?" ብለው ጮኹ፤ እጃቸውን ወደ ፋብሪካዎቹ ግንብ ዘርግተው። ፊታቸው ይስቃል። "አገራችን መጣ!"

ዞርኩ። ከግንቡ ወዲያ ነጭ ነገር ይታያል። ጭስ ይነሣል፣ ይበተናል፤ ይሄ አልተነሣም። መሬት ለመሬት ነው የመጣው። ግንቡን ሞላ፣ ሞልቶ ፈሰሰ፣ መንገዱን ቀስ ብሎ ተሻገረ፣ ልክ ከቆላው ወጥቶ አፋፉን እንደሚዘለው ጉም። ጠዋት ጠዋት እዚያ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ነው፤ ወደ እኛ ነው የሚመጣው። ቀጥሎ ሽታው ደረሰ። መጀመሪያ ስስ ነበረ። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው የማይስተው ሽታ ነው፤ ሌሊቱን ተዘግቶ ያደረ የበግ በረት ጠዋት ሲከፈት የሚወጣው።

"ጋሼ፣ በጎቹም አብረው መጥተዋል መሰለኝ" አለ የለሚው ልጅ። ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጽ ነው።

ጋሼ ተቀመጡ። አየኋቸው። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አንሥተው ራሳቸው ላይ አደረጉ፣ ጉልበታቸውን አቅፈው አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ። የተረጋጋ ሰው አቀማመጥ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። ቁራዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ተነሡ። አንድ ውሻ አጠገባችን ወደ ደቡብ ሮጠ። አማ ከዓሣው ላይ ቀና አለች፤ አንዲት ዓሣ ከእጇ ወድቃባት የማታውቅ ሴት ቅርጫቷን እንዳለ ለቀቀችው፣ ዓሣው አሸዋው ላይ ተበተነ፣ እሷ አላየችውም። ከነልብሷ ባሕሩ ውስጥ ገብታ የሳሪዋን ጫፍ ነከረችና አፍና አፍንጫዋን ሸፈነች። ያኔ ባልዲው ታወሰኝ። ጨርቁ ለምን እንደነበረ በዚያች ቅጽበት ነው የገባኝ።

የወለጋዋ ልጅ ክንዴን ይዛኛለች። "ሩጥ" አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

"ጉም እኮ ነው" አለ የለሚው ልጅ።

"ሰው የሚሸሸው ነገር ጉም አይደለም" አለችው፤ የእሱንም ክንድ በሌላ እጇ ያዘች። ጎተተችን። ወደ ደቡብ፣ በውኃው ጠርዝ ጠርዝ።

ከዚያ ሽታው መጣ፤ አሁን የበረት ሽታ አይደለም። አየሩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ሳል እንኳ አልወጣም። ዓይኔ በገዛ ፈቃዱ ተዘጋ፤ ስከፍተው ውኃ ብቻ ነው። ካናቴራዬን አውልቄ ነከርኩ፣ ፊቴ ላይ አደረግሁ። አማ በምልክት ታዘናለች፤ እጇን አፏ ላይ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ። አፍ አትክፈቱ፣ ሂዱ።

ከኋላችን ከነጩ ውስጥ ድምፅ መጣ።

"አለሁ።"

ደረጃው ሥር ሆነው እንደሚሉት ነው። ሳይቸኩሉ። ከዚያ ሳል። ከዚያ እንደገና "አለሁ"፣ ቀጠን ብሎ። ጋሼ ሕጉን እየጠበቁ ነው። የሚያድናቸውን ነገር እያደረጉ ነው። ባደረጉት ቁጥር ያን አየር ይስባሉ። ይህ የገባኝ ከርቀት ሆኜ ነው።

የአማ ወንድም ትከሻው ላይ የነበረውን ፎጣ ባሕሩ ውስጥ ነክሮ ፊቱን ጠመጠመ። በመንገዱ አልሄደም፤ ውኃው ውስጥ እስከ ጭኑ ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጠረፉን ይዞ ወደ ሰሜን ሄደ። ነጩ ዋጠው።

"አለሁ" የሚለው ድምፅ ቆመ።

ምን ያህል እንደቆየ አልናገርም፤ ብናገር ውሸት ይሆናል። ከዚያ ከነጩ ውስጥ ሁለት ሰው ወጣ። ጋሼ በውኃው ውስጥ ቆመው ይሄዳሉ። ጋቢው ርሶ ራሳቸው ላይ ተለጥፏል፣ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተዋል፣ ዓይናቸው ጭምድድ ብሏል። የአማ ወንድም ክንዳቸውን ይዟል። ንጹሕ አየር ላይ ሲደርስ ማጅራታቸውን ይዞ ፊታቸውን ባሕር ውስጥ ደፈቀው። አወጣው። የዓይናቸውን ቆብ በጣቱ ከፍቶ በእፍኙ ውኃ አፈሰሰበት። እንደገና ደፈቀው። ጋሼ ታገሉት፤ ጉልበታም ናቸው። የለሚው ልጅ ሮጦ ሊያላቅቃቸው ሲደርስ አማ በሁለት እጇ ደረቱን ገፍታ አቆመችው።

ባጃጇ ውስጥ ስንት ሆነን እንደገባን አላውቅም። ክሊኒኩ ሰው ሞልቶበታል። እዚያም ደነገጥኩ፤ ግን በሌላ ነገር። የሚጮኽ የለም። ሁሉም እርጥብ ጨርቁን ይዞ በየወንበሩ ተቀምጧል፣ ተራ ይጠብቃል። አንድ ሽማግሌ በአንድ እጁ ጨርቁን ፊቱ ላይ ይዞ በሌላው ሻይ ይጠጣል። ነርሷ ጋሼን አስተኝታ ዓይናቸው ላይ የጨው ውኃ ከከረጢት ታፈሳለች፤ ሲያልቅ ሌላ ትሰቅላለች። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ አስረዳኝ። የወጣው አሞኒያ ነው፣ ማዳበሪያ የሚሠራበት መርዛማ ጋዝ። ጋቢው ወፍራም መሆኑ ሳንባቸውን ረድቷል። ግራ ዓይናቸው ይድናል። ስለ ቀኙ ፋሻው ሳይነሣ ምንም አልልም አለ።

ለጋሼ የነገርኩት እንዳለ ነው። አልጋው ላይ ሁለቱም ዓይናቸው ታስሮ ተኝተዋል።

"ከቤቴ እስከ ውኃ መቅጃው ያለውን መንገድ አይተሃል?" አሉኝ።

"አላየሁም ጋሼ።"

"በቀኝ በኩል ገደል ነው። ስትሄድ በቀኝ።"

ፋሻው እስኪነሣ ያሉትን ቀናት በየተራ አጠገባቸው ተቀመጥን። ብዙውን ጊዜ የወለጋዋ ልጅ ናት። ምንም አታወራም፤ ስትገባ ብቻ "መጥቻለሁ" ትላለች። የለሚው ልጅ ቀልድ አለቀበት፤ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት የክሊኒኩን የተቃጠለ ማራገቢያ ሠራ። እኔ ከክሊኒኩ ስመለስ ሰፈሩን አየዋለሁ። በማግስቱ የኮንቴይነር መኪኖቹ ተሰልፈው ነበር። ቀበቶው ከሰሉን ይወስድ ነበር። ሴቶቹ ወንዙ አፍ ውስጥ ቅርጫት ነክሰው ነበር። አማ ዓሣ ሸጣ ተመልሳ የባልዲዋን ውኃ ለወጠች፣ ጨርቆቿን አንድ በአንድ አጥፋ አስገባች። ቁጥራቸው ጨምሯል፤ ለእኛ ለአራታችን ነው። ቆሜ ሳያት ቀና ብላ ሳቀች። ከደመናው ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ያ ነው፤ ያ ጨርቅ ሲታጠፍ የነበረው ጥንቃቄ፣ እንደ ዳቦ ጨርቅ።

የት ፈነዳ፣ ማን ቧንቧውን ለቀቀ፣ እስከ ዛሬ በትክክል አላወቅኩም። አንዱ ቧንቧ ነው ይላል፣ ሌላው ጋን።

ፋሻው ሲነሣ አራታችንም ነበርን። ሐኪሙ መጀመሪያ ቀኙን ሸፍኖ ጣቱን አሳያቸው፤ አዩ። ከዚያ ግራውን ሸፈነ። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ወደ መስኮቱ አዩ።

"ጉም ነው" አሉ። ከዚያ እንደ መሳቅ አሉና፣ "ጥቂቱን ይዤው ቀርቻለሁ።"

የለሚው ልጅ ወደ ውጭ ወጣ።

አገራችን ከተመለስን በኋላ ጋሼ ሥራቸውን አላቆሙም። በአንድ ዓይናቸው ከረጢት ይፈትሻሉ፤ ማሽኑ በግራቸው በኩል እንዲሆን ተዛወረላቸው። ለዕረፍት ቀን አንኮበር ይወርዳሉ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ቤታቸው እንድመጣ ጠሩኝና ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ የገብስ ማሳቸውን ሊያሳዩኝ ወጣን። ያ የነገሩኝ መንገድ ነው፤ በቀኝ በኩል ገደሉ። አሁን እሳቸው የማያዩበት ወገን ነው። እኔ በዚያ በኩል ሄድኩ፤ ለምን እንደሆነ አልተነጋገርንም።

መመለሻው ላይ ጉሙ ወጣ። ከታች ሲመጣ አየሁት፤ ነጭ፣ ዝግ ያለ፣ አፋፉን ሞልቶ የሚፈስ። ጋሼን አየሁ። ጋሼ አልተቀመጡም። ጣታቸውን በምራቅ ነክረው ወደ ላይ አነሡ። ፋሻው ከተነሣ በኋላ የአማ ወንድም ሊጠይቃቸው ሲመጣ በምልክት ያስተማራቸው ነው፤ ነፋሱን ለይ፣ ነፋሱን አቋርጠህ ወደ ጎን ውጣ። ነፋሱ ከቆላው ቀጥ ብሎ ይመጣል። ጎን ማለት የመንገዱ መታጠፊያ ነው፤ ከመታጠፊያው ወዲያ መሬት የለም። ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በፍጥነት መሄድ ጀመሩ።

ጋቢያቸውን ከኋላ ያዝኩ።

"ልቀቀኝ።"

"ጋሼ፣ ይቀመጡ።"

"ልቀቀኝ አልኩህ!"

"ያሽትቱት" አልኳቸው። "ጋሼ፣ ሽታ የለውም። ያሽትቱት።"

ጉሙ ደረሰብን። እጃቸውን አላይም፤ ጋቢውን ብቻ ይዣለሁ። ከዚያ በአፍንጫቸው አየር ሲስቡ ሰማሁ። አንዴ። እንደገና። የእርጥብ ሣርና የአፈር ሽታ ነው። ቀስ ብለው ቁጭ አሉ፤ እኔም ተቀመጥኩ። አልተጣሩም።

ከላይ ከቤቱ በኩል የሴት ድምፅ መጣ፤ ባለቤታቸው ናቸው። "ኧረ የት ናችሁ!" ቀጥሎም ሌላ ድምፅ፣ የጎረቤት።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አለሁ" አሉ። ድምፃቸው ከዚያ ጠዋት ጀምሮ የሻከረ ነው፤ አንድ ማሳ የሚያልፍ አይመስለኝም ነበር። ግን ተሰማ። ከሦስት ቤት "አለን" ተባለ።

ያኔ ነው የነገሩኝ።

"እዚያ ሳለሁ መልስ ሰምቻለሁ" አሉኝ። "የአማ ወንድም ከመድረሱ በፊት። ሕጉ ቁጭ በል ነው፤ እኔም ተቀምጬ ልሞት ነበር። 'አለን' የሚል ድምፅ በውኃው በኩል ሰማሁ። ስለዚህ ነው ተነሥቼ ወደ ውኃው የሄድኩት። እሱ ያገኘኝ ቆሜ ነው። ማነው የመለሰልኝ? አንተ ነህ?"

አይደለሁም። አፌ ላይ እርጥብ ካናቴራ ነበረ፤ ልጣራም ብል ትንፋሽ አልነበረኝም። ይህንኑ ነገርኳቸው።

የለሚው ልጅ እሱም እንዳልሆነ ይናገራል፤ ደመናው ከሰሜን ምዕራብ ነው የመጣው እንጂ ከምዕራብ አይደለም ብሎም ይከራከረኛል፤ ምናልባት ልክ ነው። የወለጋዋ ልጅ "የእናንተን ክንድ ከመያዝ ሌላ የማስታውሰው የለም" ትላለች። እኔ አማን እጠረጥራለሁ። ግን ሳሪዋ አፏ ላይ ነበረ፤ አፍ አትክፈቱ ያለችንም እሷው ናት። እሷ ራሷ ከፍታው ከሆነ ልወቀው።

ስለዚህ እዚያ የነበራችሁ፣ የተሳሳትኩትን አርሙ፣ የጎደለውን ጨምሩበት። ዓሣው ከተበተነ በኋላ አማ በየት በኩል ቆማ ነበር? ከድንጋዮቹ ወዲህ ወይስ ወዲያ? ወንድምየው ሲገባ ድምፅ አሰምቶ ነበር? አንተ የለሚው፣ አሁንም ከእነሱ ጋር በስልክ እንደምትገናኝ አውቃለሁ፤ ጠይቅልኝ። "አለን" ያልሽው አንቺ ነሽ ወይ በላት፤ ቃሉን ታውቀዋለች። ጋሼ ይጠብቃሉ።